ያቺ ባዶ ቅዳሜ

እንግዶች ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። አንሶላ ልቀይር ክፍላቸው ስገባ፣ ያቺን ባለቀለም የበዓላት ወረቀት አልጋው ላይ ዘርግተው ይጠብቁኛል። "እናት፣ ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ይበልጣል? እርስዎ የቱን ይወዳሉ?" እኔም ፈገግ ብዬ "ሁሉም ደስ ይላል" እላለሁ። ውሸቴን ነው። አንዱንም በቅጡ አላየሁም። በዚህች ደሴት ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ፣ የጀልባ እሽቅድድሙን ያየሁት ከምሠራበት የእንግዳ ማረፊያ ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣሁ፣ በሁለት አንሶላ መሃል ነው። እሱንም አሸናፊው ካለፈ በኋላ።

የእኔስ ይሁን። እኔን የሚያንገበግበኝ የባሌ ነገር ነው።

ባሌን የማያውቅ ሰው እዚህ የለም፤ ስሙን የሚያውቅ ግን የለም። "ጋሽ አምፖል" ነው የሚሉት። የበዓላት ጽሕፈት ቤቱ የመብራት ሠራተኛ ነው። በዓመት ውስጥ ያለውን ድግስ ሁሉ የሚያበራው እሱ ነው። ገመድ ይዘረጋል፣ አምፖል ይሰቅላል፣ ሲያልቅ ይነቅላል፣ ጠቅልሎ ያስገባል፣ በሦስተኛው ቀን ያንኑ ገመድ አውጥቶ ለሚቀጥለው ይዘረጋል። ሃያ ስድስት ዓመት! እስቲ አብራችሁኝ ቁጠሩ። ዓመቱ ሲገባ የቀዝቃዛ ውሃ ዋና አለ። ከዋናው የአበባ ሳምንት፣ ከአበባው ወረቀት በክር ወደ ሰማይ የሚያበሩበት የካይት ቀን፣ ከካይቱ የጀልባ እሽቅድድም። ከዚያ የዓሣ ሳምንት፣ የፋኖስ ምሽት፣ የአሸዋ ቤት ውድድር፣ ደሴቲቱን በሩጫ መዞር፣ የሙዚቃ ሳምንት፣ የፊልም ሳምንት። ይሄ አልበቃ ብሏቸው የድመት ቀን ጨመሩ። የድመት! "ድመት በጨለማ የምታይ ፍጥረት፣ ምን መብራት ያስፈልጋታል?" ብዬ ስጠይቀው፣ "ለድመቷ አይደለም፣ ለእንግዶቹ ነው" አለኝ፤ በቁም ነገር።

ልጃችንን የወለድኩ ዕለት የጀልባ እሽቅድድም ነበር። ምጡ ሲያጣድፈኝ ሰው ላክሁበት። "አንድ ደቂቃ፣ የመድረኩን ላብራና" ብሎ መለሰው። ልጅቷ ተወልዳ፣ ታጥባ፣ ጠብታ፣ ተኝታ ነው የደረሰው። ቁልፍና ሽቦ ኪሱን ወጥሮት፣ በር ላይ ቆሞ፣ "ማንን ትመስላለች?" አለኝ። "ተረጋግተህ እይ፣ እሷ እንደ አንተ አትቸኩልም" አልኩት። ትምህርት ቤት ስትገባ የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ የአበባ ሳምንት ነበር። ስትጨርስ ሰርተፊኬቷን ስትቀበል ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ የዓሣ ሳምንት ነበር። የገዛ እናቱን የቀበርናት በአበባውና በካይቱ መሃል በተገኘች ማክሰኞ ነው። ለቀስተኛው ሳይበተን ወደ መሰላሉ ሄደ።

ክፉ ሰው ቢሆን እኮ ይቀለኝ ነበር። ተጣልቼ፣ ሰድቤ፣ ይወጣልኝ ነበር። ክፉ አይደለም። እሺ ባይ ነው። ምን ቢሉት እሺ። በማንኛውም ሰዓት እሺ። ስቆጣው "እሺ ይበልጣል ከሺህ" ይለኛል። "ሺውን ለእነሱ ስጥ፣ ለእኛ አንዲት እሺ አስቀርልን" ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከልጃችን በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ እሱ ግን "እርስዎ" ይላታል። እሷ ደግሞ "ጋሼ" ትለዋለች፤ በዚያች ለስላሳ "ጋሼ" ነው ደሴቱን ሙሉ የምታዞረው። "ጋሼ፣ አንድ አምፖል ብቻ።" አንድ አምፖል ተብሎ ሄዶ በማግስቱ የተመለሰበትን ቀን እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ ልጃችን አደገች። ወደብ ላይ ትኬት ቆራጭ ሆነች። እዚያው ከጀልባው ሞተር መካኒክ ጋር ተዋወቀች። ጨዋ ልጅ ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ግራሶ ነው እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው። "ልንጋባ ነው" ሲሉን እልል አልኩ። ልጄ ማታ ማድ ቤት መጥታ፣ እኔ ሳህን ሳጥብ እሷ እያደረቀች፣ እንዲህ አለችኝ።

"እማዬ፣ ድግሱ ትንሽ ይሁን። ቀሚሱንም እከራያለሁ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው።"

"ምን?"

"አባዬ ክንዴን ይዞ እንዲያስገባኝ። መሰላል ላይ ሆኖ እንዳያየኝ።"

ሳህኑ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ዝም ያለች ልጅ! አንድ ቀን "አባዬ ለምን አልመጣም?" ብላኝ አታውቅም። እኔ እሷን ወክዬ ስጮህ፣ እሷ ሁሉንም በሆዷ ይዛ ኖሯል። ለእሱ ልትነግረው አልደፈረችም። እኔ ነገርኩት። ጉርሻውን ከአፉ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

"አስገባታለሁ" አለ።

"ማልልኝ።"

"በእናቴ አፅም!"

ከዚያ የዓመቱን የበዓላት ሰሌዳ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቅዳሜ ቅዳሜውን በጣቱ እየነካ ወረደ። ይሄ ተይዟል፣ ይሄም ተይዟል። ከሃምሳ ሁለት ቅዳሜ አንዲት ብቻ ባዶ ተገኘች፤ በዝናቡ ወር፣ ከፊልም ሳምንት በኋላ ያለችው። ዝናብም ይሁን ጎርፍ፣ "ያዛት!" አልኩ። ሙሽራው በዚያው ሳምንት ማብቂያ ጀልባዋ ለጥገና ወደ የብስ ስትሄድ አብሯት ሄዶ አምስት ወር ይቆያል፤ ስለዚህ ወይ ያቺ ቅዳሜ ወይ ምንም።

አዳራሽ ደግሞ ያስፈልጋል። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ የሆቴሎቹ አዳራሽ ለእንደኛ ዓይነቱ አይደለም። የቀረው ወደቡ ዳር ያለው አሮጌው የጨው መጋዘን ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ ንብረት። መስኮት የሚባል የሌለው፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ግን ሰፊና ከዝናብ የሚያስጥል። እሱን ለመያዝ ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። ቅጹን የት ልፈልግ አላለም፤ ቤታችን ሞልቷል። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊዎች ሰነፎች ስለሆኑ፣ የእሱም ጽሑፍ ስለሚያምር፣ የበዓሉን ሁሉ ቅጽ የሚሞላው እሱ ነው። መነጽሩን አድርጎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ፣ "የዝግጅቱ ዓይነት፦ ሰርግ" ብሎ ሲጽፍ፣ እኔ ሞኟ አጠገቡ ቆሜ "ጽሑፍህ ሲያምር!" እላለሁ። ባነበው ምን ነበረበት? እጄ ሊጥ ነበር፣ ዓይኔም ደክሞ ነበር፣ ደግሞም ሃያ ስድስት ዓመት ቅጽ ሲሞላ የኖረን ሰው ማን ያርመዋል?

ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እንደ ልማዴ አንሶላ ይዤ አንድ ክፍል ገባሁ። እንግዳዋ ወረቀቷን ዘርግታለች። "እናት፣ ይሄኛውስ? አዲስ ነው አሉ" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሙሽራ ተስሎበታል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "የሰርግ ቀን። የደሴቲቱ ሙሽሮች በአሮጌው የጨው መጋዘን ሲሞሸሩ ይመልከቱ። መብራት፣ ሙዚቃ። ለሁሉም ክፍት።" ቀኑን አየሁ። ያቺ ቅዳሜ ናት።

አንሶላውን እንደታቀፍኩ በሰው አልጋ ላይ ቁጭ አልኩ። "አመመዎት?" አለችኝ ሴትዮዋ። "አዎ" አልኳት።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ እግዜር ይወቅ። ሽርጤን እንኳ አልፈታሁም።

"አንተ ሰውዬ! ምን ጉድ ነው ያደረግኸው?"

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ የቅጹን ግልባጭ አወጣ። ታች፣ ከፊርማው በላይ፣ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። አንዷ "የግል" ትላለች፣ ሌላዋ "ለእንግዶች ክፍት"። ምልክቱ ሁለተኛዋ ላይ ነው። ጥርት ያለች፣ ያማረች ምልክት። ለዋናውም፣ ለአበባውም፣ ለድመቱም፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እጁ የሚሄደው ወደዚያች ሳጥን ነው። "የግል" የምትለዋ መኖሯንም ረስቷት ኖሯል።

"እጄ ነው" አለ በቀጭን ድምፅ። "እጄ ብቻውን ሄደ።"

"ይቁረጠውና!" አልኩ። ወዲያው ደነገጥኩ፤ በዚያ እጅ ነው የምንበላው። ግን አንጀቴ አርሮ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው። እኛም ርካሽ አዳራሽ አገኘን ብለን የልጃችንን ቀን አሳልፈን ሰጠን።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ኃላፊዋ ወንበር አቀረበችልን። "ጋሼ፣ እኔም ገርሞኝ ነበር" አለች እየሳቀች። "የራሳቸውን ልጅ ሰርግ ለደሴቲቱ አበረከቱ ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ እኮ!"

"ስህተት ነው" አልኳት፤ እሱ አፉን ሳይከፍት። "ሰርዢው።"

"እናቴ፣ እንዴት አድርጌ? ወረቀቱ ታትሟል፣ ተበትኗል። ሦስት ጀልባ ሙሉ እንግዳ ተመዝግቧል። በዝናቡ ወር ሦስት ጀልባ መጥቶ አያውቅም! ደግሞ ያስቡት፣ ስንቷ ሙሽራ ናት እንዲህ ያለ ዕድል የምታገኝ?"

"ዕድሉ ከሆነ አንቺ ውሰጂው። አላገባሽም አይደል?"

ባሌ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ እነዚህ ሰዎች መቆጣትን ትተውታል፣ በፈገግታ ነው የሚገድሉት። "ጋሼ፣ እርስዎ ምንም አይሥሩ። ለዚያ ቀን ከየብስ ኤሌክትሪሺያን አስመጣለሁ። እርስዎ ሙሉ ልብስዎን ለብሰው አባት ይሁኑ፣ በቃ። እሺ?"

እሱም ምን ይላል? "እሺ።"

ወደ ቤት ተመለስን። ልጄን እንዴት ብዬ ልንገራት ብዬ ስብሰለሰል፣ እሷ ለካ ቀድማ ሰምታለች፤ ለሦስቱ ጀልባ ትኬት የምትቆርጠው እሷ አይደለች? የራሷን ሰርግ ትኬት ስትቆርጥ ነው የዋለችው! ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። "ይምጡ" አለች። "አባዬ የሚያስገባኝ ከሆነ ሺህ ሰው ይየኝ።" ይሄን ስትል እሱ በሩ ጋ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሳይገባ ተመልሶ ወጣ።

የሰርጉን ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ ከረመ። "ሌላ ሰው ይመጣል ተብሎ የለም ወይ?" ስለው፣ "ይምጣ፣ እሱ ማብሪያውን ይጫን። የልጄን ገመድ የምዘረጋው ግን እኔ ነኝ" አለኝ። እዚህ ላይ አልከራከርኩትም። ምሳውን ይዤለት ስሄድ፣ ወለሉ ገመድ በገመድ ሆኗል፤ ጣሪያው ስር ያልተሰቀለበት ጥግ የለም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለማንም እንዲህ ሲደክም አላየሁትም። ሙሉ ልብሱን ከዳቦ ጋጋሪው ወንድሜ ተዋስንለት። እጅጌው አጠር ቢልም ትከሻው ላይ ልክ ነው። መስተዋት ፊት አቁሜው ኮሌታውን ሳስተካክልለት፣ "ጥሩ ነኝ?" አለኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እንደ ተማሪ አፈረ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ ዶፍ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆን ብዬ ሌሊቱን ነው የተነሳሁት፤ ምን ዋጋ አለው፣ እንግዶቹ ከእኔ ቀድመው ነው የደረሱት። የላስቲክ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ገብተው፣ ፊት ለፊት ያለውን ለዘመድ ያዘጋጀሁትን ወንበር ሁሉ ይዘውታል። የልጄ አክስቶች ከኋላ ቆሙ። እኔ በጭቅጭቅ የመተላለፊያውን ዳር አንዲት ወንበር አስለቀቅሁ። የፈለግኋት ወንበር ናት። በሩን ፊት ለፊት ታሳያለች። አባትና ልጅ ሲገቡ ከመጀመሪያዋ እርምጃ እስከ መጨረሻዋ ልያቸው ነው ሐሳቤ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም፤ ምግቡ ቢያር፣ ጣሪያው ቢያፈስ፣ ግድ አልነበረኝም።

አጠገቤ የተቀመጠች እንግዳ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ "እርስዎ ተዋናይ ነዎት ወይስ እውነተኛ እናቷ?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ" አልኳት።

ለአሥራ ሁለት ሰዓት የተባለው ሰርግ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ውጭው ጨልሟል። ውስጥ ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ እንደዚያ ያለ ብርሃን አይቼ አላውቅም። ያ የጨው መጋዘን ነው ቢሉ ማን ያምናል? ሙዚቃው ተጀመረ። ሙሽራው ግራሶውን ፍቆ ፍቆ፣ ጣቱ ቀልቶ፣ ፊት ቆሟል። ከበሩ መጋረጃ ስር የልጄን ነጭ ጫማ አየሁ። ከጎኗ የባሌን ጥቁር ጫማ አየሁ። 

ያን ጊዜ መብራቱ ጠፋ።

ግማሹ አይደለም፤ ሁሉም። ሙዚቃውም አብሮ ቆመ። የወደቡም መስመር ጭምር ሄደ። ኋላ እንደሰማነው፣ ኃላፊዋ ለእንግዶች ብላ የፈቀደችለት ፈንዲሻ ሻጭ ማሽኑን ከባሌ ገመድ ላይ ሰክቶት ኖሯል። ፈንዲሻ! በልጄ ሰርግ! ያ ዘመን ደግሞ እንደ ዛሬ ሁሉም ሰው ባትሪ ያለው ስልክ በኪሱ የሚይዝበት አልነበረም። ጨለማ ስላችሁ ጨለማ ነው። እጄን ዘርግቼ እጄ አልታየኝም።

ከየብስ የመጣው ኤሌክትሪሺያን በእጅ ባትሪው የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ከፈተ። ሳጥኑ የባሕሩ ውሃ ሲሞላ እንዳይደርስበት ተብሎ ከፍ ብሎ፣ መሰላል ጫፍ ላይ ነው። "ኧረ በስማም! ይሄን የሠራው ማነው?" ሲል ሰማሁት። ሃያ ስድስት ዓመት አንዱ ባንዱ ላይ የተቀጠለ፣ የተጠገነ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሽቦ። ቀዩ ከሰማያዊው፣ ሰማያዊው ከማን እንደሆነ የሠራው ብቻ ነው የሚያውቀው። "እኔ እጄን አላስገባም፤ የሚያውቀው ሰው ይምጣ" ብሎ ወረደ። የእጅ ባትሪውም አንድ ሁለቴ ብልጭ ብልጭ ብሎ ሞተ። የባለሙያ ባትሪ!

ከዚያ ሰዉ ሁሉ ጀመረ። "ጋሽ አምፖል! ጋሽ አምፖል የት አለ?" ኃላፊዋም በጨለማው ውስጥ፣ "ጋሼ! ጋሼ፣ ይድረሱልን!" ትላለች።

አይሄድም ብዬ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ አይሄድም ብዬ ነበር። ግን እርምጃውን አውቀዋለሁ። ከበሩ ተነስቶ፣ በግድግዳው ጥግ፣ ወደ መሰላሉ። ከዚያ የመሰላሉ እንጨት ሲጮህ ሰማሁ። የልጄን ክንድ ለቆ ወጣ።

"አንድ ደቂቃ!" አለ ከላይ። "አንድ ደቂቃ ብቻ!"

 ብድግ አልኩ። ሰርግ ነው፣ ሰው ይሰማል፣ ያፍራሉ የሚለውን ሁሉ ረሳሁት። "ውረድ!" አልኩ። "አንተ ሰውዬ፣ ያቺ አንድ ደቂቃህ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት! በእናትህ አፅም ምለህልኝ አልነበረም? ዛሬ ካልወረድክ እዚያው ኑር! ምግብህን እልክልሃለሁ፣ ብርድ ልብስህንም እልክልሃለሁ!"

እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። አጨበጨቡ። የዝግጅቱ አካል መስሏቸው! አጠገቤ ያለችው ሴትዮ "ጎበዝ!" ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። በቁሜ ሞትኩ። ቁጭ አልኩና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ማንም ላያየኝ።

ወንድሜ ከበሩ በኩል፣ "ኑ፣ እኔ ላስገባት፤ ልጅቷ ቆማ መቅረቷ ነው እኮ" አለ። ክብሪት ሲጭር ሰማሁ፤ የበሩ ንፋስ አጠፋበት። ደግሞ ጫረ፣ ደግሞ ጠፋ።

"አይ፣ አጎቴ" አለች ልጄ። ድምጿ ረጋ ያለ ነው። ከዚያ ወደ ላይ፣ ሳትጮህ፣ "አባዬ" አለች።

"አንድ ደቂቃ የኔ ልጅ፣ ይሄን ብቻ..."

"አባዬ፣ ተወው። እኔ ጨለማ አልፈራም። እዚሁ ነኝ።"

 ዝናቡ ብቻ ጣሪያውን ይደበድባል። ላይ ምንም ድምፅ የለም፤ ሽቦ አይነካ፣ ፒንሳ አያንኳኳ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።  ከዚያ መሰላሉ ጮኸ። አንድ ደረጃ። ሌላ ደረጃ።

"ጋሼ?" አለች ኃላፊዋ። "ጋሼ፣ በራ እንዴ? እንግዶቹ እኮ..."

"ይቆዩኝ" አለ ባሌ።

ነጠላዬን ከፊቴ ገፈፍኩ። ዓይኔን አፈጠጥኩ። ምንም የለም። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ሦስት ክንድ በማይሞላ ርቀት ሲያልፍ፣ ምንም! አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ካሜራዋን ጠቅ አደረገችው፤ ያ ብልጭታ ፊቴ ላይ ፈነዳና የነበረችኝን ትንሽ ዓይን እንኳ ወሰደብኝ። ልገላት ነበር። ስለዚህ በጆሮዬ ብቻ ነው የተከተልኳቸው። የቀሚሱ ጫፍ ወለሉን ሲጠርግ። የወንድሜ ሙሉ ልብስ ሲንኮሻኮሽ። ከዚያ የባሌ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ።

"ቀስ በይ። እዚህ ጋ ገመድ አለ፤ እግርሽን አንሺ። እሰይ። አሁን ሦስት እርምጃ ነፃ ነው። አንድ። ሁለት። ቁሚ፣ እዚህ ጋ ሁለት ናቸው። ያዢኝ።"

እያንዳንዷን ገመድ ያውቃታል። የዘረጋው እሱ ነው። ያንን ሁሉ ሰው በጨለማ ቢያስነሱት አንዱ እንኳ ሳይወድቅ በር አይደርስም ነበር፤ እሷን ግን አንዴም ሳያደናቅፋት እስከ ፊት ወሰዳት። አልቅሳ ይሁን ስቃ አላውቅም፣ መሃል ላይ አንድ ድምፅ አሰማች። ፊት ሲደርሱ "እጅህን ወዲህ ስጠኝ" አለ ለመካኒኩ። "ይኸው። እንዳትለቃት።" በዚያው ጨለማ ተጋቡ።

ከዚያ ተመልሶ መሰላሉን ወጣ። በስምንተኛው ደቂቃ በራ። እንግዶቹ ለመብራቱ ቆመው አጨበጨቡ። ልጄ ባሏ አጠገብ ናት፣ የቀሚሷ ጫፍ ጥቁር ሆኗል፣ ፊቷ በእንባ ርሷል፣ ትስቃለች። ባሌ እላይ፣ መሰላሉ ጫፍ ነው፤ የወንድሜ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀድዷል። ሴትዮዋ "እውነት ብልጫ ያለው ዝግጅት ነው፤ መብራቱን ሆን ብላችሁ ነው ያጠፋችሁት አይደል?" አለችኝ። 

ይሄ አልበቃ ብሎ፣ በሳምንቱ ኃላፊዋ ቤታችን ድረስ መጣች። "ጋሼ፣ እንግዶቹ ያንን ብቻ ነው የሚያወሩት! በየዓመቱ እናድርገው። የጨለማው ሰርግ ብለን። ሙሽሮችም፣ አባትም እንቀጥራለን።" እኔ መጥረጊያ ፍለጋ ተነሳሁ። እሱ ግን ቀደመኝ። "መብራቱን አጥፋ ካሉኝ አጠፋለሁ" አላት። "አባት ግን ሌላ ይፈልጉ።" እንደሱ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እሷም ሻዩን ሳትጨርስ ሄደች።

ልጄ ደህና ናት። ባሏም ከየብስ ተመልሷል። ሰው ግን አይተወኝም። ጎረቤቱ፣ የሥራ ጓደኛዬ፣ ሁሉም፣ "አባቷ ሲያስገባት እንዴት ያምር ነበር?" ይለኛል። እኔ ምኑን አውቄ! ተቃጥዬ ተቃጥዬ አንድ ቀን ራት ላይ እሱኑ ጠየቅሁት።

"እስቲ አንተ ንገረኝ። ስታስገባት እንዴት ነበረች?"



"እኔስ የት አየኋት?" አለ። "ጨለማ ነበር እኮ።"

"ምንም? ምንም አታስታውስም?"

"እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለኝ። "የማናችን እንደሆነ ግን አላውቅም።"